የሚያበረታንን ሰውና ሥራ እንዴት እንምረጥ? (ከከተማው ዳር ለምንኖር)

ኮዬ_ብሎክ

ሰላም ለሁላችሁ። «ሰውነቴ ዝሏል፣ ከማን ጋር ልዋል፣ ምን ልሥራ» የሚል ጥያቄ በየሳምንቱ ይነሳል። መልሱ ብዙ ጊዜ «የሚያደክሙህን ሰዎች ከሕይወትህ አውጣ» ነው። ይህ ምክር ኮዬ ፈቼ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶ ወይም ቦሌ አራብሳ ለሚኖር ሰው አያዋጣም። ጎረቤቱን በዕጣ ነው ያገኘው። ውኃ ሲጠፋ የሚቀዳለት፣ ልጁን የሚያይለት፣ ሌሊት ሲያመው በሩን የሚያንኳኳበት ያው ሰው ነው። የድሮ ሰፈር ወዳጆቹ ደግሞ አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ገላን፣ አንዱ አያት ተበትነዋል። ስለዚህ ሰው ከማውጣታችን በፊት ልንለካው የሚገባ ነገር አለ።

የሚለካው ሰውዬው አይደለም፤ ቆይታው ነው። ያው ሰው ማታ ስምንት ሰው በተሰበሰበበት ቡና ላይ ሁለት ሰዓት ሲያወራ ሊያዝል ይችላል። ቅዳሜ ጠዋት አብረውት ገበያ ደርሰው ሲመለሱ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ቀለል ይላል። ልዩነቱን የሚያመጣው ቦታው፣ ሰዓቱ፣ የቆይታው ርዝመት፣ የሰዉ ብዛትና የወሬው ዓይነት ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ለ14 ቀን በትንሽ ደብተር ወይም በስልክ ማስታወሻ ላይ፣ ከሩብ ሰዓት በላይ የወሰደ ነገር ሁሉ ይመዝገብ፦ ምን እንደሆነ፣ ከማን ጋር፣ የት፣ ከስንት እስከ ስንት ሰዓት። ከዚያ ጉልበትን የሚያሳይ ሦስት ቁጥር ከ0 እስከ 10 ይጻፍ፤ ከመጀመሩ በፊት፣ እንዳለቀ፣ ከሁለት ሰዓት በኋላ። ዋናው ሦስተኛው ነው። ሐሜት፣ የኳስ ክርክር፣ የስልክ ቪዲዮ እየተደረጉ ሳሉ ቁጥሩን ከፍ ያደርጉትና ሁለት ሰዓት ቆይቶ ከመነሻው በታች ይወርዳል። የእግር ጉዞ፣ ልብስ ማጠብ፣ ቤተ ክርስቲያን ወይም መስጊድ ደርሶ መምጣት ደግሞ ተቃራኒ ናቸው፤ ሲጀመሩ 3፣ ሲያልቁ 5፣ ቆይቶ 7 ሊሆኑ ይችላሉ። ከመጀመራችን በፊት ባለው ስሜት ብቻ ብንመርጥ ኖሮ እነዚህን አንነካቸውም ነበር።

ይህን በጥናት ካስረዱት አንዱ አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፒተር ሌዊንሶን ነው። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ ጀምሮ ያሳየው ነገር፣ መንፈሱ የወደቀ ሰው ሥራና ሰው ይቀንሳል፣ ሲቀንስ የሚያስደስተው ነገር ያንሳል፣ ሲያንስ ደግሞ ይበልጥ ይቀንሳል። ከዚህ አዙሪት የሚወጣው ስሜቱ እስኪመጣ በመጠበቅ ሳይሆን በትንሹ በማድረግ ነው። «ደስ ሲለኝ እሄዳለሁ» የሚለው ቅደም ተከተል የተገለበጠ ነው።

የሚበላሸው የት ነው? አንደኛ፣ የቀኑን ሁሉ ማታ ተኝተው ሲሞሉት። የማታው ድካም ጠዋቱንም ያጠቁረዋል፤ ያኔውኑ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ የሰው ሙሉ ስም ሲጻፍ። ደብተሩ ቤተሰብ እጅ ይገባና ጠብ ያመጣል፤ አንድ ፊደል ይበቃል። ሦስተኛ፣ በሦስት ቀን ፍርድ ሲሰጥ። የሥራ ቀንም እሑድም፣ የጾም ቀንም የፍስክ ቀንም መግባት አለበት።

ነርስ_የካአባዶ

ጥሩ ጅማሬ ነው። ግን «ያቺ ጎረቤት ታደክመኛለች» ከማለታችን በፊት የሰውነትን ነገር እናጥራ። ብዙ ጊዜ ሰው ላይ የሚላከከው ድካም የከሰል፣ የእንቅልፍ ወይም የደም ማነስ ነው።

ከሰሉን ልጀምር፣ ምክንያቱም ኮንዶሚኒየም ውስጥ በጣም ይዘነጋል። ክረምት ነው፣ መስኮት ተዘግቷል፣ ስድስት ሰው በጠባብ ሳሎን ተቀምጧል፣ ማንደጃው መሃል ላይ ነው። ሦስተኛው ቡና ላይ ግንባር ይከብዳል፣ ማቅለሽለሽ ይመጣል፣ ጉልበት ይከዳል። ሁሉም «ወሬው አደከመኝ» ብሎ ይነሳል። ያደከመው ከከሰሉ የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ጋዝ ነው። ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። «ጭሱ ካለቀ፣ ፍሙ ከቀላ ችግር የለም» የሚባለው ስሕተት ነው፤ ጭስ የሌለው ቀይ ፍምም ያመነጫል። መለያው፦ የተቀመጡት ሁሉ ባንድ ጊዜ ራሳቸውን ካመማቸውና ውጭ ወጥተው ሲናፈሱ ከቀለላቸው ከሰሉ ነው። ንጹሕ አየር እየተነፈሱም ደም ውስጥ ያለው በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ የሁለት ሰዓቱ ቁጥር ዝቅ የሚለውም ለዚህ ሊሆን ይችላል።

ማንደጃው በረንዳ ላይ ይቀጣጠል፣ ቡናውም ቢቻል እዚያው ይፈላ። ቤት ከገባ ፊት ለፊት የሚተያዩ ሁለት መስኮቶች፣ ወይም መስኮትና በር፣ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል ይከፈቱ። ለሙቀት ብሎ ፍም መኝታ ቤት አስገብቶ መተኛት ይገድላል፤ በየክረምቱ ሰው የሚያልቀው በዚህ ነው። ራሱን የሳተ ሰው ካለ መጀመሪያ ወደ ውጭ አውጡት፣ ከዚያ ቶሎ ወደ ሆስፒታል።

ቀጥሎ የቡናው ሰዓት። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት ከመኝታ ስድስት ሰዓት በፊት 400 ሚሊግራም ካፌይን የወሰዱ ሰዎች እንቅልፋቸው ከአንድ ሰዓት በላይ እንደቀነሰ አሳይቷል። ማታ 4 ሰዓት ለሚተኛ ሰው የመጨረሻው ስኒ ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 9 ሰዓት ቢሆን ይመረጣል። ከሥራ መልስ 1 ሰዓት ላይ የሚጠጣው አቦል የነገውን ጉልበት ነው የሚበላው። ማታ መገናኘቱ መቅረት የለበትም፤ ጤናዳም ያለበት ሻይ ቅጠል የሌለው ፍል ውኃ ወይም የተልባ ውኃ ያገናኛል። ጫት ለሚቅምም እንዲሁ ነው፤ ምርቃናው ያለፈ ለት የሚመጣው ድብርት ከሰው የመጣ ሊመስል ይችላል።

ደረጃ ስትወጡ ልባችሁ ከወትሮው በላይ የሚመታ፣ የዓይን ውስጥና የጥፍር ሥር የገረጣ፣ ወይም ጸጉር እየረገፈ ብርድ ብርድ የሚላችሁ ከሆነ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የደም መጠንና እንደ ሐኪሙ ውሳኔ የታይሮይድ ምርመራ አድርጉ። ደብተሩ ይህን አይፈታም።

ጥያቄ_አለኝ

እናመሰግናለን። አንድ ነገር አልገባኝም። በየቀኑ እየመጣች ያንኑ የባሏንና የአከራይዋን ነገር የምታነሳ ጎረቤት ስትኖርስ? አትምጪ አይባል። ሰምቶ ዝም ማለትም ያማል።

አማካሪ_ለቡ

ይህ ጥያቄ የጉዳዩ እምብርት ስለሆነ ረዘም አድርጌ ልመልስ።

ማዳመጥ አንድ ነገር ነው፣ አብሮ ቁስል መነካካት ሌላ። አማንዳ ሮዝ የተባለች ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ2002 በልጆችና በወጣቶች ወዳጅነት ላይ ያሳየችው፣ አንድን ችግር ደጋግሞ ማውራት ጓደኝነቱን ያጠብቃል፣ ከድብርትና ከጭንቀት መጨመር ጋር ግን ይያያዛል። ሁለቱም አብረው መኖራቸው ነው አስቸጋሪው። ቅርርቡ እውነት ነው፤ ለዚህም ነው ለማቋረጥ የሚከብደው።

መለየት የሚቻለው በሦስት ምልክት ነው። ታሪኩ አዲስ ነገር ሳይጨመርበት ይደገማል። «ታዲያ ምን ይደረግ?» የሚል ጥያቄ አይነሳም። ስትለያዩ ሁለታችሁም ከመጀመሪያው ይበልጥ ተናዳችኋል። ሦስቱ ከተገኙ የሚቀየረው አቀማመጡ እንጂ ሴትዮዋ አይደለችም።

በመጀመሪያ ስትገባ፣ ገና ሳትቀመጥ፣ ጊዜውን መንገር። «እሰይ መጣሽ፤ እስከ 11 ሰዓት ነው ያለሁት፣ ከዚያ የልጆች እራት አለብኝ።» ሲገባ የተነገረ ሰዓት አያስቀይምም፤ መሃል ላይ ሰዓት ማየት ነው የሚያስቀይመው። ቡና ላይም ያው ነው። ሳይናገሩ ከበረካ በፊት መነሳት እንደ ንቀት ይታያል። ሲገቡ «ዛሬ ቶና ላይ እነሳለሁ፣ ይቅርታ» ማለት ግን ማንንም አያስከፋም።

ቀጥሎ መጠየቅ፦ «ዛሬ ላዳምጥሽ ነው ወይስ መላ እንፈልግ?» ላዳምጥሽ ከሆነ 20 ደቂቃ ሙሉ ልብ ሰጥቶ ማዳመጥ፣ ስልክ ሳይነኩ፣ ምክር ሳይሰጡ። መላ ከሆነ ወረቀት አውጥቶ አንድ እርምጃ መጻፍ። የአከራይ ጉዳይ ከሆነ ለምሳሌ ውሉን አይቶ የማስለቀቂያ ማስጠንቀቂያው ስንት ወር እንደሚል ማረጋገጥ። በሚቀጥለው ስትመጣ የመጀመሪያው ጥያቄ «ውሉን አየሽው?» ይሁን። ብዙ ጊዜ ወሬው እዚህ ላይ አቅጣጫውን ይቀይራል።

ሦስተኛው መንገድ እግር ነው። ፊት ለፊት ተቀምጦ የሚወራ ችግር ይጠልቃል፤ ጎን ለጎን እየተራመዱ ሲወራ ይፈታታል። «ጎመን ልገዛ ነው፣ ነይ አብረን እንሂድ» ማለት ይበቃል። መንገዱ ራሱ ወሬውን ይቆርጠዋል፣ ሌላ ነገር ይታያል፣ ሰላምታ ይመጣል።

እነዚህን ሦስቱን ለሁለት ሳምንት ሞክራችሁ ቁጥሩ ካልተነሳ፣ ያኔ በሳምንት የምትገናኙበትን ቀን ወደ ሁለት ማውረድ። በአንድ ጊዜ መጥፋት አይገባም፤ ጎረቤት ሲጠፋ ይጠየቃል፣ ምክንያት ይፈለግለታል፣ ሌላ ድካም ይወልዳል።

የእድር_ጸሐፊ

በአክብሮት አንድ ተቃውሞ አለኝ። «ምን ያህል ያበረታኛል» ተብሎ ሰው ሲለካ መጀመሪያ የሚቀሩት አሮጊቶቹ፣ የታመሙት፣ ኀዘን የደረሰባቸው ናቸው። የለቅሶ ቤት ቁጥር 2 ቢሆንም የሚቀር ነገር አይደለም። ነገ የሁላችንም ነው።

ይልቅ ሰውን የሚያዝለው ግዴታው ሳይሆን አከፋፈሉ ነው። የብዙ አዲስ መንደር እድር ውስጥ ያው ሦስት ሰው ሰብሳቢ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ ሆኖ ዓመታት ይቆያል፣ ድንኳን የሚተክሉትም ያው አምስት ወጣቶች ናቸው። እነሱ ይደክማሉ፣ ሌላው መዋጮ ከፍሎ ይቀመጣል። ኮሚቴው በየዓመቱ በከፊል ይቀየር፤ ሁሉም ባንድ ጊዜ ከተቀየረ መዝገቡ ይጠፋል፣ ስለዚህ ከሦስቱ አንዱ ይቆይ። የድንኳን ሥራው በብሎክ ተራ ይሁን። ለቅሶው ራቅ ያለ ቦታ ከሆነ፣ ሱሉልታ ወይም ሰበታ ለምሳሌ፣ የመጀመሪያው ቀን ከየብሎኩ ሁለት ሰው ይሂድ፣ የቀሩት በሠልስት ይድረሱ። ኀዘንተኛው ቤት ሰው አይጠፋም፣ የሚሄደውም አይታክትም።

ሰውንም በሚመቸው ሥራ መድቡ። ዝም ብሎ መቀመጥ የሚከብደው አለ፤ እሱ አግዳሚ ወንበር ይሸከም፣ ብርጭቆ ይቁጠር። ተሰብስቦ ማውራት የማይችል ሰው ውኃ ሲቀዳ ውሎ በረታሁ ብሎ ይሄዳል። ማስተዛዘን የሚችለው ደግሞ አጠገብ ይቀመጥ።

ኮዬ_ብሎክ

የእድር ጸሐፊው ያነሱት ትክክል ነው፣ ተቀብዬዋለሁ። ለቅሶና የታመመ ጥየቃ በደብተሩ ይጻፍ፣ ለመቀነስ ግን አይቅረብ። ቁጥሩ የሚጠቅመው ከዚያ በኋላ ምን እንደሚያስፈልግ ለማወቅ ነው። ከለቅሶ መልስ ያለው ምሽት ሌላ ስብሰባ አይያዝበት።

ሩጫ_በጠዋት

ስለ ሰው ብዙ ተባለ፣ ስለ እንቅስቃሴው ልጨምር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ ለአዋቂ በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪ በሳምንት ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይመከራል። መካከለኛ ማለት እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ መዝፈን የማይቻልበት ፍጥነት ነው። ዝቅተኛው በቀን 30 ደቂቃ ለአምስት ቀን ማለት ነው።

የከተማ ዳር ሰው የሚሳሳተው ቦታ ሲመርጥ ነው። «እሑድ መስቀል አደባባይ እንሮጣለን» ብሎ ይቀጥራል። ለመድረስ ሁለት ታክሲ፣ ለመመለስ ሁለት፤ በሦስተኛው ሳምንት ይቀራል። የሚዘልቅ እንቅስቃሴ ከራስ በር የሚጀምር ነው። ከበራችሁ እስከሚቀጥለው አደባባይ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ለኩ፣ 15 ከሆነ ሄዶ መመለሱ 30 ሆነላችሁ።

ከፍታውን አትርሱ። አዲስ አበባ በአማካይ 2,355 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ እንጦጦ ደግሞ 3,200 ይደርሳል። እዚህ አየሩ ከባሕር ጠለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ እንጦጦ አናት ላይ በሦስተኛ ገደማ። ሳይለማመዱ በመጀመሪያው ቀን ዳገት መሮጥ ደረት አቃጥሎ «ሩጫ አይሆነኝም» ያስብላል። መጀመሪያ ሁለት ሳምንት መራመድ ብቻ። ከዚያ 1 ደቂቃ ሶምሶማ፣ 2 ደቂቃ እርምጃ፣ ስምንት ጊዜ። በየሳምንቱ ሶምሶማው ላይ ግማሽ ደቂቃ መጨመር። የልብ ወይም የደም ግፊት ችግር ያለበት ሐኪሙን ሳይጠይቅ አይጀምር።

አብሮ የሚሄድ ሰው ምርጫ ትልቅ ቦታ አለው። ሦስት ወይም አራት ሰው ይበቃል። ሁለት ከሆናችሁ አንዱ ሲቀር ይፈርሳል፤ ስምንት ከሆናችሁ ቀጠሮው አይገጥምም። ከእናንተ በጣም ከሚፈጥን ጋር አትሂዱ፤ የኋለኛው ሁሌ እያለከለከ ተሸናፊ ሆኖ ይመለሳል፣ በወሩ ይቀራል። ፍጥነቱ በደካማው ይወሰን። ማታ 3 ሰዓት ላይ በስልክ «ነገ አለሁ» ይባባሉ፣ ጠዋት በር ላይ አምስት ደቂቃ ይጠበቃል፣ ከዚያ የመጣው ይሄዳል። በር ላይ እየደወሉ ሰው መቀስቀስ ቡድን ያፈርሳል።

ሰዓቱ ጎህ ከቀደደ በኋላ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል ወዲህ ይሁን። ከእንጦጦና ከየካ ተራሮች ሥር ላሉ ሰፈሮች ሳይነጋ ጅብ አለ። ውሻ ሲመጣ መሮጥ የለም፤ ቆም ብሎ፣ ዓይኑን ሳያፈጡ፣ ቀስ እያሉ ወደ ጎን መራቅ። ድንጋይ ለማንሳት እንደሚጎነበስ ሰው ዝቅ ማለት ብዙውን ጊዜ ያርቀዋል። ከነከሰ ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በሚወርድ ውኃ 15 ደቂቃ ሙሉ ማጠብ፣ ሳይውል ሳያድር ለእብድ ውሻ ክትባት ጤና ተቋም መድረስ። ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ መተው ሕይወት ያስከፍላል። አስፋልት ዳር ስትሄዱ የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት በሚታያችሁ በኩል ሂዱ፤ በቱሉ ዲምቱና በቃሊቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና ይበዛል።

ክረምት ዋልካው ጫማ ይዞ ሲያስቀር ደረጃው አለ። ባለ አራት ፎቅ ብሎክን በረጋ እርምጃ መውጣትና መውረድ፣ ለ10 ደቂቃ። ሲወርዱ ግድግዳውን ወይም መደገፊያውን መያዝ፣ ጉልበት የሚጎዳው መውረዱ ነው። ጄሪካን ውኃ የሚያወጣ ሰው ደግሞ 20 ሊትሩን በአንድ እጅ ከመጎተት ሁለት ባለ 10 ሊትር በሁለት እጁ ቢይዝ ጀርባውን ያድናል፣ የጡንቻ ሥራውም ተሠራለት።

መሃል_ከተማ_ሠራተኛ

ከጠዋቱ 11 ሰዓት ተኩል ወጥቶ ማታ 2 ሰዓት የሚገባ ሰው ይህን ሁሉ በየት ጊዜ ያድርገው?

ሩጫ_በጠዋት

ደቂቃዎቹ ተከታታይ መሆን የለባቸውም። አዲሱ መመሪያ ቢያንስ 10 ደቂቃ የሚለውን ገደብ አንስቶታል፣ አጭሩም ይቆጠራል። ስትመለስ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ መንገዱ መብራት ካለውና ሰው ካለበት ብቻ። ሰልፍ ላይ ስትቆም ተረከዝ ማንሳትና ማውረድ፣ 15 ጊዜ፣ ሦስት ዙር።

አማካሪ_ለቡ

ለዚሁ ጠያቂ፦ መንገዱንም ተጠቀምበት። ከታክሲ ማውረጃው እስከ ቤት ያለውን 10 ደቂቃ ለአንድ የድሮ ሰፈር ወዳጅ መደወያ አድርገው፤ ሰኞ ለአንዱ፣ ረቡዕ ለሌላው። ድምፅ ከጽሑፍ መልእክት ይበልጣል፤ ሳቁም ዝምታውም ይሰማል። ስልክህን ግን በሸሚዝ ኪስ አድርገህ በማዳመጫ፣ አንዱን ጆሮ ክፍት ትተህ።

የቴሌግራም ግሩፕም ሰው ነው፣ ደብተሩ ላይ ይግባ። አንድ የብሎክ ግሩፕ ውስጥ የውኃና የመብራት ማስታወቂያ፣ የጠብ ድምፅና የአደጋ ቪዲዮ ተቀላቅሎ ይመጣል። ከግሩፑ መውጣት አያስፈልግም፤ ድምፁን አጥፍቶ በቀን ሁለት ጊዜ፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ገደማ መክፈት። አልጋ ላይ አይከፈት።

ሰገነት_አትክልት

እስካሁን ያልተነሳ አንድ ዓይነት ሥራ አለ፣ ውጤቱ በዓይን የሚታይ። ደስ የሚል ሥራና «ቻልኩ» የሚያሰኝ ሥራ የተለያዩ ናቸው፣ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ቪዲዮ ማየት የመጀመሪያው ነው፣ ሁለተኛውን ግን አይሰጥም። በረንዳ ላይ ቆስጣ ማብቀል ሁለቱንም ይሰጣል፣ ብዙም አያወጣም።

የተቀደደ የማዳበሪያ ወይም የዱቄት ጆንያ በቂ ነው፣ ወይም ባለ 20 ሊትር ባልዲ። ከሥሩ አምስት ስድስት ቀዳዳ፣ በጣት ወርድ። አፈሩ በመጠን፦ ሁለት እጅ አፈር፣ አንድ እጅ የበሰበሰ ፍግ ወይም ብስባሽ፣ አንድ እጅ አሸዋ። የዋልካ አፈር ብቻውን ከተሞላ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲረጥብ አየር ያፍናል፤ አሸዋው ለዚህ ነው። ያልበሰበሰ ትኩስ ፍግ ሥር ያቃጥላል። ዘሩ ከ1 እስከ 2 ሳንቲሜትር ጥልቀት ይዘራል፣ ከበቀለ በኋላ የበዛው ተነቅሎ በአንድ ጆንያ ሦስት ተክል ይቀራል።

ውኃ በሰዓት አይጠጣም፣ በጣት ይለካል። ጣት እስከ ሁለተኛው አንጓ ሲገባ ደረቅ ከሆነ ይጠጣ፣ እርጥብ ከሆነ ይቆይ። የታችኛው ቅጠል ቢጫ ሆኖ አፈሩ ረጥቦ ከተገኘ ውኃ በዝቷል ማለት ነው፣ ብዙ ሰው ግን የጠማው መስሎት ይጨምርበታል። ፀሐይ ቢያንስ በቀን አራት አምስት ሰዓት የሚደርስበት በኩል ይቀመጥ። ከሁለት ወር ባልበለጠ ጊዜ የውጭ ውጭውን ቅጠል መቁረጥ ይጀመራል፣ መሃሉ ካልተነካ ለወራት ይሰጣል። ባሕር ዛፍ ከበዛበት ሰፈር የመጣ ቅጠል ብስባሹ ውስጥ አይግባ።

አንድ ቤት የማይጨርሰው ይተርፋል። ለጎረቤት በር ላይ አንድ እፍኝ ቆስጣ ይዞ መቆም ከማንም ጋር ለመተዋወቅ ይበቃል፣ አዲስ ብሎክ ውስጥ በተለይ።

ጥያቄ_አለኝ

ሁላችሁም «ሁኔታውን ቀይር» ትላላችሁ። የሚሰድብ፣ የሚማታ፣ ተበድሮ የማይመልስ ሰውስ?

አማካሪ_ለቡ

እሱ ከዚህ ሁሉ ውጭ ነው፣ ቀድሞ መለየት ነበረበት። የሚማታና የሚያስፈራራ ሰው አይለካም፣ ይራቃል። ለሚታመን ሰው ይነገራል፣ ወደ ፖሊስ ይኬዳል፣ የማደሪያ ቦታ አስቀድሞ ይዘጋጃል። ሰሚ ሰብስቦ የሚያዋርድም ከዚያ አይርቅም።

የገንዘቡ ሌላ ነው። ብድር ለጠየቀ ሁሉ አዎ ወይም አይ ከማለት፣ በወር ባይመለስ የማያስቆጣችሁን መጠን አስቀድማችሁ ወስኑ፣ ከዚያ በላይ አትስጡ። ዕቁብም እንደዚሁ። ከኪራይ፣ ከቀለብና ከትራንስፖርት በኋላ በተረፈው ልክ ግቡ። ዳኛው ማን እንደሆነ፣ ዕጣ የወጣለት ዋስ ይጠራ እንደሆነ ሳታረጋግጡ አትግቡ። እንቅልፍ የሚነሳ ዕቁብ ከማንም ወሬኛ ይበልጥ ያዝላል።

ነርስ_የካአባዶ

ስለ ጾሙ አጭር ነገር። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ከባዱን እንቅስቃሴ ከምግብ በኋላ፣ ወደ ምሽት ያድርገው፤ ጠዋት ቀላል እርምጃ ይበቃል። ሽሮና ምስር ላይ ሎሚ ወይም ቲማቲም በቃሪያ መጨመር በውስጣቸው ያለው የብረት ማዕድን ወደ ደም እንዲገባ ይረዳል። ቡናና ሻይ ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት ይራቁ፣ ብረቱን ይይዙታል። ቫይታሚን ቢ12 ከእንስሳት ተዋጽኦ ስለሆነ የሚገኘው፣ ረጅሙን ጾም የሚጾሙ አረጋውያንና ነፍሰ ጡሮች ሐኪም ያማክሩ። ጠዋት ምንም ሳይቀመስ የሚጠጣ ቡና ከልብ መምታት ጋር ከመጣ ይቀነስ።

ኮዬ_ብሎክ

ሁለት ሳምንት ሲሞላ ደብተሩን ማንበቢያው ይህ ነው። የሁለት ሰዓቱ ቁጥር ከመነሻው ቢያንስ በ2 የጨመረባቸውን አስምሩባቸው። ከእነዚያ ሁለቱን መርጣችሁ የሚቀጥለው ሳምንት ላይ በቀንና በሰዓት አስፍሩ። «አዘውትራለሁ» አይሠራም፤ «ማክሰኞና ዓርብ 12 ሰዓት ተኩል ከእነ ሀ ጋር» ይሠራል። በ2 የቀነሰባቸውን ደግሞ አንዱን ብቻ ያዙና አንድ ሁኔታ ቀይሩ፤ ወይ ሰዓቱን፣ ወይ ቦታውን፣ ወይ ርዝመቱን። ሦስቱንም ባንድ ጊዜ ከቀየራችሁ የቱ እንደረዳ አታውቁም።

ሁሉም ቁጥር፣ የምትወዱት ሳይቀር፣ ለሁለት ሳምንት ከ3 ካልዘለለ፣ እንቅልፍና ምግብ ከተዛባ፣ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ሐሳብ ከመጣ፣ ጉዳዩ የሰው ምርጫ አይደለም። ጤና ጣቢያ ይጀመር፤ አማኑኤልና የካ ኮተቤ ሆስፒታሎች የአእምሮ ሕክምና ይሰጣሉ። የመጨረሻው ሐሳብ ከመጣ ግን ቀጠሮ አይጠበቅም፣ ያንኑ ቀን ከሰው ጋር ይኬዳል።

አዲስ_ገቢ

የሚያደክመው የቤት ሰው፣ የትዳር አጋር ሲሆንስ?

አማካሪ_ለቡ

መጀመሪያ ሁለታችሁም የየራሳችሁን ደብተር ያዙ፣ የአንዳችሁን አንዳችሁ ሳታነቡ። አብዛኛው ጊዜ ዝቅተኛው ቁጥር የሚገኘው አንዱ ከሥራ በገባበት የመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ ነው፦ ርቦታል፣ ከሰልፍና ከግፊያ ነው የመጣው፣ ሌላውም ቀኑን ሙሉ ከልጅ ጋር ውሎ የሚያወራው ይጠብቃል። እዚያ ሰዓት ላይ የትምህርት ቤት ክፍያና የኪራይ ነገር አይነሳ። ጫማ ይውለቅ፣ ውኃ ይጠጣ፣ እራት ይቅደም። የገንዘብ ጉዳይ ለቅዳሜ ከሰዓት ይቀጠር፣ ደረሰኞቹን ይዛችሁ፣ ከ45 ደቂቃ ሳይበልጥ፤ ያላለቀው ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይደር። አንድ ወር እንዲህ ተሞክሮ ካልተሻለ ሁለታችሁም የምታምኑት አንድ ሰው፣ የንስሐ አባትም ይሁን ኢማም፣ ሽማግሌም ይሁን ባለሙያ፣ ይግባበት። ሁለታችሁም ያልተስማማችሁበት አስታራቂ ግን አይጠራ።